የቀድሞ የአደን ጠመንጃ ሰደፍና የእድሳቱ ጥበብ

በ20ኛው ምእተ ዓመት መባቻ በለንደን ይሠሩ የነበሩት የአደን ጠመንጃዎች ዝናቸውን ያተረፉት በብረታቸው ጥራት ብቻ ሳይሆን በሰደፋቸው ውበትም ጭምር ነው። ሪግቢ እ.ኤ.አ. በ1911 ባለ .416 ጥይቱን፣ ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ደግሞ በ1912 ባለ .375 ማግነም ጥይቱን ባቀረቡበት ዘመን ለሰደፍ የሚመረጠው እንጨት ዋልነት ነበር። የተመረጠበትም ምክንያት ክብደቱ መጠነኛ፣ በሚገባ ከደረቀ በኋላ ቅርፁን የማይለቅ፣ የተኩስንም ግፊት የሚችል በመሆኑ ነው።

የዚህ እንጨት መጨረሻ ልብሱ የተልባ ዘይት ነው። ተልባ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የምግብና የመጠጥ እህል ቢሆንም፣ ዘይቱ ለእንጨት ሠራተኛ ሌላ ጠባይ አለው። ይኸውም የሚደርቀው እንደ ውሃ በመትነን ሳይሆን ከአየር ኦክሲጅን እየወሰደ በመጠንከር ነው። ስለሆነም የጥንቱ ባለሙያ ጥቂት ጠብታ በመዳፉ እያሸ፣ እስኪደርቅም እየታገሠ፣ ሥራውን ለሳምንታት ይደጋግመው ነበር። ቀላ ያለ መልክ ሲፈለግም አልካኔት የተባለ ተክል ሥር በዘይቱ ውስጥ ይዘፈዘፍ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን የሰው ጉልበት ዋጋ እየናረ በመሄዱ፣ ፋብሪካዎች ፈጥነው ወደሚደርቁት ላከርና ፖሊዩሬቴን አዘነበሉ። እነዚህ ውሃን አጥብቀው ቢከላከሉም፣ ሲጫሩ እንደ ዘይት በቀላሉ አይጠገኑም።

የአሮጌ ሰደፍ ትልቁ ጠላት ግን እርጅና ሳይሆን ችኩል እድሳት ነው። በብርጭቆ ወረቀት አለልክ የተፋቀ ሰደፍ ከብረቱ በታች ይወርዳል፤ ጠርዙ ይዶለዱማል፤ በመያዣው ላይ የተቀረጸው ጥልፍልፍ መስመር ይደበዝዛል። ጥንቁቅ ባለሙያ ግን አስቀድሞ ብረቱን ከእንጨቱ ይለያል፤ የጠቆረውን የጠመንጃ ቅባት በኖራ ድንጋይ ዱቄትና በማሟሚያ ይመጥጣል። ስርጉዱንም እርጥብ ጨርቅ አልብሶ በጋለ ካውያ በእንፋሎት ያነሣዋል፤ የተጨመቀው የእንጨት ጭረት አብጦ ወደ ቦታው ይመለሳልና። በዘይት የራሱ ጨርቆችም ተከምረው ቢተዉ በራሳቸው ሊቀጣጠሉ ስለሚችሉ፣ ዘርግቶ ያደርቃቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር፣ የሐውልቶች እድሳት ግምት በሚጀምርበት ላይ ማቆም እንዳለበት ደንግጓል። ሕጉ የተጻፈው ስለ ሕንፃ ቢሆንም ለሰደፍም ይሠራል። ዘይት ሊጨመር ይችላል፤ የተፋቀ እንጨት ግን አይመለስም፤ ከእርሱም ጋር የሠሪው እጅና የባለቤቱ ዘመን አብረው ይጠፋሉ።