ሻፒ ኮርሳንዲ፦ ከቴህራን የመጣች የለንደን ቀልደኛ

በእንግሊዝ የስታንድ አፕ ኮሜዲ መድረክ ስለ አገርና ስለ ማንነት ሲነሣ ስማቸው ቶሎ ከሚጠራው አንዷ ሻፒ ኮርሳንዲ ናት። የተወለደችው በ1973 ቴህራን ውስጥ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሥራዋን ለመረዳት ግን ከአባቷ መጀመር ይሻላል።

አባቷ ሃዲ ኮርሳንዲ በኢራናውያን ዘንድ የታወቁ የስላቅ ጸሐፊ ናቸው። ከ1979ኙ አብዮት በኋላ በአዲሶቹ ገዥዎች ላይ መቀለዳቸው ቁጣ ስላስነሣ ቤተሰቡ ለንደን ላይ ስደተኛ ሆኖ ቀረ። እሳቸው ግን ብዕራቸውን አላስቀመጡም፤ «አስጋር አጋ» የተባለ የስላቅ ጋዜጣ በስደት ያዘጋጁ ጀመር። በ1984 እሳቸውን ለመግደል የተጠነሰሰ ሤራ ተደርሶበት ከሸፈ፤ ቤተሰቡም ለጊዜው ቤቱን ለቆ ተደበቀ። ሻፒ ያኔ አሥራ አንድ ዓመት ገደማዋ ነበር። ኮሜዲያን ሥራቸው አደገኛ እንደሆነ ሲናገሩ እንሰማለን፤ አብዛኞቹ የሚፈሩት ግን ሰው ሳይስቅላቸው እንዳይቀር ነው። በእሷ ቤት ቀልድ ነፍሰ ገዳይ ያስልክ ነበር።

ሻፒ በዊንቸስተር ድራማና ቴአትር አጥንታ በለንደን ትንንሽ የኮሜዲ ክበቦች መሥራት ጀመረች። ስሟ በሰፊው የተሰማው በ2006 በኤድንበራ ፌስቲቫል «አሳይለም ስፒከር» በተባለው ዝግጅቷ ነው። ርእሱ ጥገኝነት ጠያቂ ማለት ከሆነው «አሳይለም ሲከር» ጋር የሚጫወት ነው፤ ጠያቂ የነበረችው ተናጋሪ ሆነች ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ይህ መጠሪያ በአንዳንድ የእንግሊዝ ጋዜጦች እንደ ስድብ የሚወረወር ስለነበር፣ ባለቤቷ መድረክ ላይ ቆማ በጠራ የለንደን አነጋገር ስታስቅበት ቃሉ ጉልበቱን ያጣል። የልጅነት ታሪኳንም በ2009 በመጽሐፍ አወጣችው፤ ርእሱን በአማርኛ «እንግሊዛዊ መምሰል ለጀማሪዎች» ልንለው እንችላለን።

ለእኛ ለስደተኞች ይበልጥ የሚያነጋግረው ግን የ2016ቱ «ኦ ማይ ካንትሪ!» ይመስለኛል። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ድምፅ በሰጠችበት ዓመት፣ ስደተኛ የሚለው ቃል በየአደባባዩ ሲጎተት፣ እሷ ስለ እንግሊዝ ፍቅሯ የሚናገር ዝግጅት ይዛ ወጣች። የአገር ፍቅር ባዕድን ለሚጠሉት ብቻ የተተወ ርስት አይደለም፣ ለእኔም ይገባኛል ባይ ናት። ይህ ደፋር አቋም ነው፤ ከስደተኛ ቀልደኛ ብዙውን ጊዜ የሚጠበቀው የወላጆቹን አነጋገር እየቀዳ ማሳቅ ነውና። እሷም በዚያ ያሳቀችበት ጊዜ አለ፤ እዚያ ላይ ግን አልቆመችም።

በ2017 ደግሞ «ኒና ኢዝ ኖት ኦኬ» የተባለው ልቦለዷ ነጭ ላልሆኑ የብሪታንያ ደራስያን ለተቋቋመው የጃላክ ሽልማት ከታጩት ረዥም ዝርዝር ውስጥ ገባ። መጽሐፉ ስለ አንዲት ከመጠጥ ጋር ስለምትታገል ወጣት እንጂ ስለ ስደት አይደለም። ሻፒ ለውድድር የቀረበው መጽሐፌ ሳይሆን የቆዳዬ ቀለም መሰለኝ ብላ ስሟ እንዲወጣ ጠየቀች። ሽልማቱ የተቋቋመው በሩ ለተዘጋባቸው ደራስያን በመሆኑ ውሳኔዋን ሁሉም ሰው አይወደውም። ሆኖም አንድ ዓመት ቀደም ብላ መድረክ ላይ ከተናገረችው ጋር አይጋጭም።

«ሻፒ» ማቆላመጫ ነው። ሙሉ ስሟ ሻፓራክ ሲሆን በፋርስኛ ቢራቢሮ ማለት ነው። ስንቱ ልጃችን ለፈረንጅ አፍ እንዲመች ስሙ በግማሽ ተቆርጧል! እሷ ግን በ2023 ያሳተመችውን «ስካተር ብሬይን» የተባለ መጽሐፍ ያወጣችው ሻፓራክ ኮርሳንዲ ብላ ነው።