የዓይን ሞራ፦ ምንነቱና ሕክምናው

«የዓይን ሞራ ግርዶሽ» የሚለው ስያሜ በዓይን ላይ ስስ ሞራ የተነጠፈ፣ እርሱም ተገፍፎ የሚነሣ ያስመስላል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። የሚደፈርሰው ከብሌኑ በስተኋላ የሚገኘው፣ ብርሃንን ሰብስቦ ወደ ሬቲና የሚያሳርፈው የተፈጥሮ ሌንስ ራሱ ነው። ዕድሜ ሲገፋ በሌንሱ ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች እየተጣበቁ ጥራቱን ያጣል። ጠብታም ሆነ የዓይን እጥበት ሊያጠራው የማይችለው ለዚህ ነው።

ለውጡ አዝጋሚና ሕመም አልባ በመሆኑ ብዙዎች «ዕድሜ ነው» ብለው ይተዉታል። ቀለማት ይደበዝዛሉ፤ በሌሊት የመኪና መብራት ይበተናል፤ መነጽር ቶሎ ቶሎ መቀየር ይመጣል። እንደ ካልገሪ ባለ ከተማም የክረምት ፀሐይ በበረዶው ላይ ስታንጸባርቅ ሞራ የጀመረውን ዓይን ክፉኛ ታስቸግራለች። አንዳንድ አዛውንት ደግሞ ድንገት ያለ መነጽር ማንበብ ይጀምሩና ቤተሰብ «ዓይናቸው ተመለሰ» ብሎ ይደሰታል፤ ይህ ግን የሌንሱ መጠጠር ያመጣው፣ የማይዘልቅ ለውጥ ነው። የስኳር ሕመም፣ ሲጋራ፣ የዓይን ጉዳትና ለረጅም ጊዜ የተወሰደ የስቴሮይድ መድኃኒት ለሞራ ያጋልጣሉ። የሕፃን ልጅ ብሌን ነጭ ሆኖ ከታየ ቀጠሮ መጠበቅ አይገባም፤ በአስቸኳይ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ሞራን የሚያስወግደው ቀዶ ጥገና ብቻ ነው። የደፈረሰው ሌንስ ይወጣና በሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል። መንገዱን የከፈቱት እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፕላን አብራሪዎች ዓይን ውስጥ የገባ የመስኮት ፕላስቲክ ስብርባሪ ዓይኑን እንደማያስቆጣ አስተውለው፣ እ.አ.አ. በ1949 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን ሌንስ ተከሉ። ዛሬ በካናዳ የተለመደው ዘዴ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር በሚሆን ቀዳዳ ሌንሱን በአልትራሳውንድ ሞገድ ሰባብሮ መምጠጥ ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ ውድ መሣሪያ የማይጠይቀው፣ ቀዳዳው ሰፋ ቢልም ያለ ስፌት የሚድነው ዘዴ በስፋት ይሠራበታል፤ ውጤቱም የሚናቅ አይደለም። አብዛኛው ታካሚ ዓይኑ ብቻ ደንዝዞ ይታከማል።

«ሞራው እስኪበስል ይጠበቅ» የሚለው ምክር ጊዜ ያለፈበት ነው፤ እጅግ የጠጠረ ሌንስ ቀዶ ጥገናውን ያከብደዋል። የሚያስወስነው እይታው የዕለት ኑሮን ማወኩ ነው። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ እይታው ዳግም ቢደበዝዝ ሞራው ተመልሶ አይደለም፤ ሌንሱን የያዘው ስስ ሽፋን ደፍርሶ ሊሆን ይችላልና በሌዘር በደቂቃዎች ይስተካከላል።

በአልበርታ የመንግሥት የጤና መድን ቀዶ ጥገናውንና መደበኛውን ሌንስ ይሸፍናል፤ ልዩ ሌንስ የመረጠ ተጨማሪውን ይከፍላል። እንግሊዝኛ የሚያስቸግራቸው ወላጆች አስተርጓሚ እንዲመደብላቸው አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል።

በኢትዮጵያ እ.አ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ግማሽ ያህሉንም ለዚህ የዳረገው ሞራ መሆኑን አሳይቷል። እዚያ ችግሩ የሐኪምና የርቀት ነው። ካልገሪም በዚህ ረገድ ድርሻ አላት፦ የከተማዋ ነጋዴ አርት ጄንኪንስ፣ ካናዳዊው ሐኪም ቤን ጉሊሰን በህንድ ስለሚሰጡት ሕክምና ሰምተው እ.አ.አ. በ1963 የመሠረቱት ኦፕሬሽን አይሳይት ዛሬ በኢትዮጵያም ይሠራል።

አገር ቤት «ዓይናቸው ጠፋ» የተባሉ ዘመድ ያሉት ሰው በቅድሚያ ሊያጣራው የሚገባው መንሥኤው ሞራ ነው ወይስ ግላኮማ የሚለውን ነው። ግላኮማ የወሰደው እይታ አይመለስም። ሞራ የጋረደው ግን፣ የቀረው የዓይን ክፍል ጤነኛ ከሆነ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላም ሊመለስ ይችላል፤ ይህንንም በአዲስ አበባው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ወይም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ባሉ የዓይን ክፍሎች መመርመር ይቻላል።