የለንደን እድፍና የቴምዝ ወንዝ

ለንደን የተሠራችው በቴምዝ ወንዝ ዳርና ዳር ነው። ሕዝቧ ከወንዙ ይጠጣ ነበር፤ እድፉንም የሚጥለው ወደዚያው ነበር። የሕዝቡ ቍጥር እየበዛ በሄደ ጊዜ ወንዙ መሸከም አቃተው፤ ኮሌራም ደጋግሞ ገብቶ በአሥር ሺሕ የሚቈጠር ሰው ፈጀ። ይሁን እንጂ ድኻው ሲሞት ነገሩ ይጓተት ነበር። በ1858 (ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በሙቀቱ ወራት ግማቱ እጅግ በረታ። የፓርላማው ሕንፃ በወንዙ ዳር ነውና መጋረጃው በኖራ መድኃኒት እየተነከረ ቢሰቀልም እንደራሴዎቹ መቀመጥ አልቻሉም። ለዓመታት የተጓተተው ሕግ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ወጣ። ሕጉን ያወጣው ርኅራኄ ነው ወይስ አፍንጫ? ፍርዱን ለአንባቢ እተዋለሁ።

ጆሴፍ ባዘልጄት የተባለው መሐንዲስ 130 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝሙ ታላላቅ የጡብ ቦዮችን ከመሬት በታች አሠራ። ኮሌራም ከለንደን ጠፋ። እኔም ታሪኩን መጀመሪያ ያነበብሁት እስከዚህ ድረስ ነበርና መሐንዲሱን እጅግ አድንቄ ነበር፤ ዛሬም አደንቀዋለሁ። ነገር ግን ቦዮቹ እድፉን ከከተማው በታች፥ ቤክተንና ክሮስነስ ወደሚባሉ ስፍራዎች አዛወሩት እንጂ አላጠፉትም፤ እዚያም ሳይጣራ ወደ ወንዙ ይለቀቅ ነበር። በ1878 ፕሪንሰስ አሊስ የምትባል የመንገደኞች መርከብ በዚያው አካባቢ ከሌላ መርከብ ጋራ ተጋጭታ ሰጠመች፤ ከ600 የሚበልጡ ሰዎችም በዚያ እድፍ ውስጥ ሞቱ።

ከዚህ በኋላ ዝቃጩ ከውሃው እየተለየ፥ ከ1887 ጀምሮ በመርከብ እየተጫነ ወደ ባሕር ይደፋ ጀመር። ከከተማው ወደ ወንዙ፥ ከወንዙ ወደ ባሕር! ይህ ልማድ የቀረው በ1998 ነው፤ 111 ዓመት መሆኑ ነው።

ወንዙም ቢሆን ዳግመኛ ወደቀ። ሕዝቡ በመጨመሩና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦዮቹ በቦምብ በመጐዳታቸው፥ በ1957 የለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሊቃውንት ቴምዝ ሕይወት የሌለበት ወንዝ ሆኗል አሉ። ከዚያ ወዲያ ማጣሪያዎቹ ታድሰው በ1974 ሳልሞን የሚባለው ዓሣ ተገኘበት። ዳሩ ግን ዝናብ በበረታ ቍጥር የባዘልጄት ቦዮች እየሞሉ እድፉን ወደ ወንዙ ይመልሱት ነበርና፥ 25 ኪሎ ሜትር የሚረዝም አዲስ ዋሻ ከወንዙ በታች ተቈፈረ፤ በ2025 ሥራው ተፈጽሞ መስመሮቹ ሁሉ ተገናኙለት። ለዚህ ሥራ የሚከፍለው በየቤቱ ውሃውን የሚያፈሰው ሰው ራሱ ነው፤ ገንዘቡም ከውሃው ሂሳብ ጋራ ይታሰብበታል።