ፋንተምስ ኦፍ ፊር

ፋንተምስ ኦፍ ፊር (ትርጉሙ፦ «የፍርሃት ምትሃቶች») በሮቢን ዋተርፊልድ ተጽፎ በኢያን ሚለር ሥዕሎች በ1987 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በፓፊን የታተመ የጨዋታ መጽሐፍ ነው። ስቲቭ ጃክሰንና ኢያን ሊቪንግስተን በ1982 እ.ኤ.አ. የጀመሩት «ፋይቲንግ ፋንታሲ» የተባለው ተከታታይ 28ኛ መጽሐፍ ነው። ዋተርፊልድ የፕላቶንን ሥራዎች ከጥንታዊ ግሪክ ወደ እንግሊዝኛ በመተርጎምም ይታወቃል።

አጨዋወት

የጨዋታ መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በተርታ አይነበብም። ታሪኩ ቁጥር በተሰጣቸው አጫጭር ክፍሎች ይከፋፈላል፤ አንባቢው ከቀረቡለት ምርጫዎች አንዱን ወስዶ ወደ ተጠቀሰው ቁጥር ይሄዳል። ውጊያና ዕድል በሁለት ዳይስ ይወሰናሉ። በተከታታዩ ከተለመዱት የችሎታ፣ የጥንካሬና የዕድል ነጥቦች በተጨማሪ ይህ መጽሐፍ «ኃይል» የሚባል አራተኛ ነጥብ አለው፤ ለአስማት ያገለግላል።

ታሪክ

ባለታሪኩ በአፈን ጫካ የሚኖር የኤልፍ ጎሣ አባልና ሻማን ነው። ኢሽትራ የተባለው የአጋንንት ልዑል ጫካውን እየበከለ ስለሆነ ሊያስቆመው ይነሣል። ጉዞው በእውኑም በሕልሙም ዓለም ይካሄዳል፤ በተወሰኑ ቦታዎችም ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ይቻላል።

ሥዕሎች

ሚለር (የተወለደው 1946 እ.ኤ.አ.) በቀጫጭንና እጅግ በተጠጋጉ የብዕር መስመሮች ይታወቃል። በ1977 እ.ኤ.አ. ለወጣው የራልፍ ባክሺ «ዊዛርድስ» ፊልምም የጀርባ ሥዕሎችን ሠርቷል። ሕልም ብዙ ጊዜ በጭጋግና በደብዛዛ ቅርጽ ይሣላል፤ የሚለር መስመር ግን ስለታምና ጥርት ያለ ነው። በዚህም ቅዠቱ እንደ እውን ነገር ይጨበጣል፤ እውኑም እንደ ቅዠት ያስፈራል።

ግምገማ

የመጽሐፉ ጥንካሬ ሕልሙን ለጌጥ ብቻ አለማስገባቱ ነው፤ አንባቢው የሚሄድበትን መንገድ ይለውጣል። ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል። የጨዋታ መጽሐፍ አንባቢው አስቦ እንዲመርጥ ይጠይቃል፤ ሕልም ግን ምክንያትና ውጤትን አይጠብቅም። ፍንጭ በማይሰጥበት ጊዜ ምርጫው ወደ ግምት ይወርዳል፤ የተሳሳተም ከመጀመሪያው ለመጀመር ይገደዳል። እንዲህም ሆኖ ሁለት ዓለማትን ያለ ኮምፒውተር፣ በወረቀትና በቁጥር ብቻ ማገናኘቱ ከተከታታዩ ልዩ ሥራዎች አንዱ ያደርገዋል።