ኩርዓተ ርእሱ፦ ከጎንደር አደባባይ እስከ ለንደን ጨረታ

በሰሙነ ሕማማት ጎፋ ገብርኤል ደጅ የቆመ ሰው፣ ከመቁጠሪያውና ከጧፉ ጎን በተዘረጋው ሸራ ላይ አንድ ፊት ደጋግሞ ያያል። የእሾህ አክሊል የደፋ ክርስቶስ ነው፤ ከግንባሩ ደም ይንጠባጠባል። በፕላስቲክ የተለበጠውን ሥዕል የገዛች እናት ተሳልማ ከነጠላዋ ሥር ታስገባዋለች። ከንፋስ ስልክ ላፍቶ እስከ ላሊበላ ይህን መልክ የማያውቅ ምእመን የለም። ኩርዓተ ርእሱ ተብሎ የሚጠራ፣ ነገሥታት የዘመቱበት ሥዕል እንደነበረንና ለንደን ላይ ሁለት ጊዜ በጨረታ እንደተሸጠ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ስሙ ከወንጌል የመጣ ነው፤ ጭፍሮች የጌታን ራስ በመቃ መምታታቸውን ይናገራል። ሥዕሉ በጣውላ ላይ የተሣለ፣ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1520 ገደማ በአውሮፓዊ እጅ እንደተሠራ ይገመታል፤ ከአጥኚዎች አንዳንዱ የፍላንደርስ፣ ሌላው የፖርቱጋል ሠዓሊ ነው ይላል። የአውሮፓ ጥበብ ደርሶን የነበረው በዚህ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1593 አንትወርፕ ላይ የታተመው የኢየሱሳዊው ናዳል የወንጌል ሥዕሎች መጽሐፍ አገራችን ገብቶ ነበር። የእኛ ሠዓሊዎች ከዚያ መጽሐፍ የሰዎቹን አቋቋም ወሰዱ፤ ዓይኑንና ቀለሙን ግን በራሳቸው ወግ ሠሩት።

ኩርዓተ ርእሱ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በዜና መዋዕል ይነሣል። መኳንንት በፊቱ ይምላሉ፤ ንጉሥ ሲዘምት ከሠራዊቱ ጋር ይወጣል። በ1736 ዓ.ም. ዳግማዊ ኢያሱ ስናር ዘምተው ድንደር ወንዝ ላይ ድል ሲሆኑ ሥዕሉም ተማረከ። ማስመለሻው 8,000 ወቄት ወርቅ እንደነበር ይነገራል። ሰው ገንዘቡ ላልሆነ ነገር ይህን ያህል ወርቅ አይከፍልም። ሥዕሉ የማን ነው ለሚል ጠያቂ፣ ለእኔ ከሠዓሊው የትውልድ አገር ይልቅ ይህ ቤዛ ይመልሳል።

አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ አድርሰውት ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጭኖ፣ የበሽሎን ወንዝ ተሻግሮ ደላንታ ሜዳ ላይ አወረደ። እዚያ ሁለት ቀን ጨረታ ተካሄደ፤ የተገኘው 5,000 ፓውንድ ያህል ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ታቦት፣ ጽዋ፣ ብራና፣ ሁሉም ዋጋ ተጠራበት። ዋነኛው ገዢ ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆልምስ ነበር። ይኸው ሰው የሞቱትን የአፄ ቴዎድሮስን ፊት በእጁ ነድፏል። ብራናዎቹን ለሙዚየሙ ገዛ፤ ኩርዓተ ርእሱን ግን ለራሱ አስቀረ።

አፄ ዮሐንስ አራተኛ በነሐሴ 1864 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ በጻፉት ደብዳቤ ሁለት ነገር ለመኑ፦ ክብረ ነገሥትንና ኩርዓተ ርእሱን። መጽሐፉ ተመለሰ፤ ሥዕሉ የት እንዳለ አልታወቀም ተባለ። ሆልምስ ግን በዚያን ጊዜ የራሷ የንግሥቲቱ የዊንዘር ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር! እ.ኤ.አ. በ1905 ሥዕሉን በአንድ የጥበብ መጽሔት ላይ አሳተመው፤ ያኔ አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ 16 ዓመት አልፏል። ከሆልምስ ሞት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1917 ክሪስቲስ የተባለው አጫራች ሸጠው። በ1950 እዚያው ለንደን ዳግመኛ ለጨረታ ቀርቦ ሉዊስ ሬይስ ሳንቶስ የተባለ የፖርቱጋል የጥበብ ታሪክ አጥኚ ገዛው። በ1998 ፖርቱጋል ውስጥ በባንክ ካዝና ተቀምጦ እንደሚገኝ ተጻፈ። አንድ ሀገር ይሳለመው የነበረ ሥዕል በካዝና ጨለማ ውስጥ መሆኑ ያንገበግባል።

ጨረታ ሲቆም ደግሞ አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2021 እንግሊዝ ውስጥ ሊጫረቱ የነበሩ የመቅደላ ቅርሶች በኢትዮጵያ ጥያቄ ከሽያጭ ወጥተው ተመለሱ፤ በ2024 ኒውካስል ላይ ሊሸጥ የነበረ የመቅደላ ጋሻም እንዲሁ ከጨረታ ወጣ። ኩርዓተ ርእሱን ግን አውሮፓዊ ሥራ ነው የሚል ሰበብ ከጥያቄያችን ዳር እንዳያስቀረው እሰጋለሁ።

ስለዚህ የቅርስ ባለሥልጣኑም ቤተ ክርስቲያኒቱም የአፄ ዮሐንስን ደብዳቤ ቀሪ ግማሽ ያንሡት፤ በዚህ ጊዜ ወደ ሊዝበን ይጻፉት።