ድሮን ላይ ያለው የሙቀት ካሜራ ምን ያያል? ምን አያይም?

«ካሜራው ካየን ይደርሱልናል አይደል?» ይህን ጥያቄ ባሕር ለመሻገር ካሰቡ ወገኖች ደጋግሜ እሰማለሁ። እኔም ከዓመታት በፊት፣ በሌሊት፣ ጎማ ጀልባ ላይ ሆኜ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። ከላያችን የሞተር ድምፅ ሲያልፍ «አዩን፣ ተረፍን!» ብለን ተቃቀፍን። አንድ የንግድ መርከብ ያነሳን ግን በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው። እና ነገሩን በደንብ እንወቀው።

አሠራሩ፦ ማንኛውም ነገር እንደ ሙቀቱ መጠን በዓይን የማይታይ ጨረር ይለቃል። ቴርማል ካሜራ ይህን ጨረር ይለካል እንጂ ብርሃን አይፈልግም። የሚያሳየው የሙቀት ልዩነትን ነው። ለዚህ ነው በቀዝቃዛ ባሕር ላይ ያለ ሰው በድቅድቅ ጨለማ እንኳን ነጭ ነጥብ ሆኖ የሚታየው።

የሚውልበት ሥራ፦ እሳት አደጋ ሠራተኞች በጭስ ውስጥ እሳቱ ያለበትን ቦታ ያዩበታል። ጫካ ውስጥ የጠፋ ሰው ይፈለግበታል። የዱር እንስሳት ጠባቂዎች በሌሊት አዳኞችን ይከታተሉበታል። የኤሌክትሪክ መስመርና የሶላር ብልሽትም ይታይበታል።

የማይችለው፦ በግድግዳና በመስታወት አያይም። ዝናብና ወፍራም ጉም ያደክሙታል። ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ከውሃው በላይ ያለው አካሉ ብቻ ነው የሚታየው፣ ማለትም ጭንቅላቱ። በረሃ ላይ ደግሞ ቀን አሸዋው እንደ ሰው ገላ ሲሞቅ ልዩነቱ ይጠፋል።

ማን ነው የሚያየው? የአውሮፓ ኅብረት የድንበር ጥበቃ ተቋም ፍሮንቴክስ በግንቦት 2021 እ.ኤ.አ. ሄሮን የተባለ ድሮን ከማልታ እያስነሳ ማዕከላዊ ሜዲትራንያንን መቃኘት ጀመረ። ተቋሙ መረጃው ሕይወት ለማዳን ይረዳል ይላል። ሂዩማን ራይትስ ዎችና ቦርደር ፎረንሲክስ ግን በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ መረጃው የሊቢያ ኃይሎች ጀልባዎችን ይዘው ወደ ሊቢያ እንዲመልሱ እያገዘ ነው ብለዋል። እንግዲህ ታየን ማለት ማን እንደሚመጣ አወቅን ማለት አይደለም። ድሮን ራሱ ደግሞ ሰው አያነሳም፣ ገመድም አይጥልም።

ማንንም ሂድ ወይም ቅር አልልም። ባሕር ላይ ያለ ዘመድ ያላችሁ ግን ይህን ያዙ፦

- ስልክ ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ይታሰር፤ ባትሪው ይቆጠብ።
- አደጋ ሲመጣ በጂፒኤስ የሚታየው የቦታ ቁጥር ሳይዛነፍ ይነገር። የሰው ብዛት፣ የሞተሩ ሁኔታና ውሃ መግባት አለመግባቱም ይጨመር።
- አላርም ፎን የተባለው የበጎ ፈቃደኞች መስመር ጥሪውን ለነፍስ አድን ማዕከላት ያስተላልፋል፤ የራሱ መርከብ ግን የለውም።
- የሕይወት ጃኬት ከጀልባው ከመሣፈር በፊት ይለበስ።

እኛ ያን ሌሊት ድምፁን ሰምተን ዝም ብለን ጠበቅን። ስልክ የነበረው ልጅ የደወለው ሲነጋ ነው። የጠፋብን ጊዜ እሱ ነው።