ካባቸውን ያወለቁ

በእኛ አገር አንድ ጠበቃ «ሙያውን ልተወው ነው» ያለ እንደሆነ፣ ቤተ ዘመዱ ነገሩን እንደ ፍቺ ነው የሚቆጥረው። ሽማግሌ ይላክበታል። «ምን ነካህ? ያን ሁሉ ዓመት ተምረህ?» ይባላል። እናት «የሰው ዓይን ነው» ትላለች። አባት ዝም ይላል፤ ከሁሉም የሚከብደው የእሱ ዝምታ ነው። አይፈረድባቸውም። ልጅን ሕግ አስተምሮ ማስመረቅ ማለት የውርስ፣ የድንበር ወይም የቤት ክርክር በመጣ ቀን «እኛም ሰው አለን» ማለት ነው። ስለዚህ ዲግሪው የልጁ ብቻ አይደለም፣ የቤተ ዘመዱ የጋራ ንብረት ሆኗል። የጋራ ንብረትን ደግሞ አንዱ ባለድርሻ ብቻውን ተነሥቶ አይጥለውም።

ለመሆኑ ሕግን ተምሮ የተወ ሰው የተማረውን ይጥለዋል እንዴ? ታሪክ ሲጠየቅ የሚሰጠው ምስክርነት ሌላ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከቤታችን እንጀምር። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. ነው። ሙግት ግን ከፋኩልቲው እጅግ ይቀድማል። «በላ ልበልሃ» በሚባለው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ በአደባባይ ቆመው፣ በፈረስ ወይም በማር እየተወራረዱ ይሟገቱ ነበር። ባላጋራዎች ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ተሟጋቹ የሚመዘነው በማስረጃው ብቻ አልነበረም። የአነጋገሩ ምት፣ የምሳሌው ብስለት፣ የእጁና የአቋቋሙ ሁኔታ ሁሉ ይታይ ነበር። መንገደኛው ጉዳዩን ትቶ ቆሞ ያዳምጣል። ለተሟጋቹ ሕግ የሆነው ነገር ለተመልካቹ ቲያትር ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም።

እንግዲህ ከፍርድ አደባባይ እስከ መድረክ ያለው መንገድ በእኛ ዘንድ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. አምቦ አጠገብ የተወለደው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ይህን መንገድ ሄዶበታል። በአዲስ አበባ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ከቺካጎው የብላክስቶን ሕግ ትምህርት ቤት በሕግ ተመረቀ። ግን ፍርድ ቤት አልገባም። ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በለንደኑ ሮያል ኮርትና በፓሪሱ ኮሜዲ ፍራንሴዝ የቲያትርን ጥበብ አጠና። በኋላ የሼክስፒርን «ኦቴሎ»፣ «ሐምሌት» እና «ማክቤዝ» ወደ አማርኛ መልሶልናል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ እኔ በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ ችሎት ይታየኛል። ኦቴሎ በመስፍኑና በመማክርቱ ፊት ቆሞ «ልጄን በአስማት ወሰደብኝ» ለሚለው ክስ መልስ ይሰጣል። ሐምሌት ደግሞ የሙት መንፈስ የሰጠውን ቃል ብቻ ይዞ መፍረድ ከብዶት ማስረጃ ፍለጋ ይንከራተታል። ሕግ የተማረ ሰው እነዚህን ቃላት በአማርኛ ሲያናግር ያ ትምህርት ባክኗል ማን ይላል?

የባሕር ማዶዎቹም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ሩስያዊው ቫሲሊ ካንዲንስኪ በሞስኮ ሕግና ኢኮኖሚክስ ተምሮ መምህር እስከመሆን የደረሰ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1889 የገበሬዎችን ልማዳዊ ሕግ ሊያጠና ወደ ሰሜን፣ ወደ ቮሎግዳ ምድር ዘለቀ። እዚያ ግን ከሕጉ ጋር ሌላ ነገር አገኘ፤ ግድግዳውና ዕቃው ሁሉ በደማቅ ቀለም ያጌጠ የገበሬ ቤት። ሥዕል ውስጥ የገባ ያህል እንደተሰማው በኋላ ጽፏል። በ1896 የዶርፓት ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህርነት ሲሰጠው አልቀበልም ብሎ፣ በ30 ዓመቱ ሥዕል ሊማር ሙኒክ ገባ። ልብ በሉ፤ እዚያ ባለቀለም ቤት ደጃፍ ያደረሰው ራሱ ሕጉ ነበር።

እንዲህ ሲወራ ግን ሁሉም አንድ ቀን ጠዋት ተነሥተው ካባቸውን የወረወሩ ይመስላል። አይደለም። ቻይኮቭስኪን እንየው። በ10 ዓመቱ ፒተርስበርግ ከሚገኘው የሕግ ትምህርት ቤት ገብቶ በ1859 ተመረቀ፣ የፍትሕ ሚኒስቴር ሠራተኛም ሆነ። ፒያኖ ከልጅነቱ ቢማርም፣ የሙዚቃን ንድፈ ሐሳብ በመደበኛነት መማር የጀመረው እዚያው እየሠራ በ1861 ነው። መንግሥት ሥራውን የተወው ከሁለት ዓመት በኋላ ሲሆን፣ ኑሮውን ለመደጎም ለግለሰቦች ትምህርት ይሰጥ ነበር። ፈረንሳዊው ማቲስም እንዲሁ ነው። በፓሪስ ሕግ ተምሮ በሴንት ካንተን ከአንድ የሕግ ባለሙያ ቢሮ ጸሐፊ ሆኖ ይሠራ ነበር። በትርፍ አንጀት ታሞ ሲተኛ እናቱ ማጽናኛ ብላ የቀለም ሳጥን ሰጠችው። ሥዕል ያዘውና አልለቀቀውም። እህል ነጋዴው አባቱ ግን በልጁ ውሳኔ አዝኖ ነበር። የአባት ዝምታ የእኛ አገር ብቻ አይደለም ማለት ነው።

አንዳንዱ ደግሞ ጥብቅናን የሚተወው ውስጡ ያለውን አንድ ነገር አጥብቆ ስለወደደ ነው። ጋንዲ እ.ኤ.አ. በ1891 ለንደን ውስጥ በጠበቃነት ቢመዘገብም፣ ቦምቤይ በመጀመሪያ ጉዳዩ ምስክር ለመጠየቅ ተነሥቶ አፉ ተሳሰረ፤ ክፍያውን መልሶ ወጣ። በ1893 ለአንድ ነጋዴ ድርጅት ሊሠራ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። እዚያ ሁለቱን ዘመዳሞች ባለጉዳዮች በግልግል አስታረቀ። የጠበቃ እውነተኛ ሥራ የተለያዩትን ማገናኘት መሆኑን ያን ጊዜ እንደተረዳ በሕይወት ታሪኩ ተርኮታል። ይህን የእኛ ሽማግሌ ከዋርካ ሥር ሆኖ ሲያውቀው ኖሯል። ዛሬ ደግሞ አዋጅ ወጥቶለታል፤ የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር አዋጅ ቁጥር 1237 የጸደቀው በ2013 ዓ.ም. ነው። ክርክር የሰለቸው ጠበቃ ማስታረቅን ሙያዬ ብሎ ቢይዘው የሚያፍርበት ነገር የለም።

ከቅርቦቹ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። ከችሎት ወጥተው በ1987 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሲመሠረት ግንባር ቀደም ሆኑ። ኋላም እናት ባንክን ካቋቋሙት አንዷ ናቸው። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተመለሱና እስከ 2015 ዓ.ም. አገለገሉ። ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳም ከዳኝነት ወደ ጥብቅና፣ ከዚያ ወደ ፖለቲካ፣ ከፖለቲካ ወደ ወህኒ ቤትና ወደ ስደት ሄደው፣ በ2011 ዓ.ም. የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው አየናቸው። በ2015 ዓ.ም. ከኃላፊነታቸው ለቀቁ። ሁለቱም የወጡበት በር መልሶ እንዳልተዘጋባቸው እናያለን።

አሁን መራራውን እናንሣ። የመውጫውን ዋጋ የከፈለው ማነው? ካንዲንስኪ ደህና ሀብት ካለው ቤት የተወለደ ነው። ቻይኮቭስኪን ኋላ ላይ ናዴዥዳ ፎን ሜክ የምትባል ባለጸጋ ለ13 ዓመት ያህል ደጉማዋለች። በየከተማችን በደላላ ወንበርና በኪራይ ቢሮ መካከል ለሚንከራተተው ወጣት ጠበቃ እንዲህ ያለ ደጓሚ ከየት ይመጣል? ደሞዙን እናቱ መድኃኒት ትገዛበታለች፣ ታናሹ ይማርበታል። «ልብህን ተከተል» ብሎ መምከር ምክር ሰጪውን ምንም አያስከፍለውም። ለዚህ ሰው የሚጠቅመው ምሳሌ የቻይኮቭስኪ ነው፤ ቀን ቢሮ፣ ማታ ትምህርት፣ ድልድዩ ሲጠና መሻገር። ጸሐፊነቱም፣ የባንክ የሕግ ክፍሉም፣ ረቂቅ ማዘጋጀቱም፣ ማስተማሩም እንዲህ ይሞከራል።

ካባውን ለማውለቅ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ራሱን መጠየቅ ያለበትም «ሌላ ምን መሆን እችላለሁ?» ሳይሆን «ከሕጉ ውስጥ የወደድኩት የቱን ነበር?» እያለ ይመስለኛል። ቃሉን ከሆነ ብዕር አለ። ሰላሙን ከሆነ ሽምግልና አለ። የተበደለችውን ሴት ከሆነ የመዓዛ መንገድ አለ። ምንም ካልወደደ ደግሞ ባለጉዳዩ ይታዘነዋልና፣ የማይወደውን ሙያ ይዞ በሰው ንብረትና ነጻነት ላይ ከሚቆም ቢሄድ ይሻላል።

ወላጆችም፣ ሽማግሌ ከመላካችሁ በፊት ልጃችሁን አንድ ጊዜ ቁጭ አድርጉና «ምኑ ሰለቸህ?» በሉት። መልሱን እስኪጨርስ አታቋርጡት። ተከሳሽ እንኳ ቃሉን ሳይሰጥ አይፈረድበትም።